ከኮሌጅ በኋላ፣ ከሕክምና በፊት፦ ስለዚያ ዓመት ጠይቁኝ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ያደግኩት አቶቴ ነው። ከ12ኛ በኋላ አሜሪካ አባቴ ጋ ሄድኩ፣ ባዮሎጂ ተመረቅኩ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ነው ሕክምና የገባሁት። ለእረፍት መጥቼ ያገኘኝ ሁሉ አንድ ነገር ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልመልስ። የማወራው ስለ አሜሪካው ነው። እዚያ በአብዛኛው መጀመሪያ የአራት ዓመት ኮሌጅ ይጨረሳል፣ ከዚያ ነው ለሕክምና ማመልከቻ የሚገባው።

የታቦር ልጅ፦ እህቴ ሜሪላንድ ዘንድሮ ትመረቃለች። አንድ ዓመት ልቆይ ብላ እናታችን እንቅልፍ አጥታለች። «የተመረቀ ሰው እንዴት ቁጭ ይላል?» ነው የምትለው። ማመልከቻዋን አይጎዳም?

አይጎዳም። ለእናታችሁ ንገርልኝ፣ እዚያ አብዛኛው ሕክምና የሚገባ ልጅ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። ሲገቡ አማካይ ዕድሜያቸው 24 ገደማ ነው። በዚያ ላይ አቆጣጠሩ ራሱ ያስቆያል። ማመልከቻው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይከፈታል፣ ከግንቦት 20 ገደማ ጀምሮ ይላካል፣ ትምህርቱ ግን የሚጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማመልከቻውን በመጣበት ተራ ነው የሚያዩት። ዓመት እንዳያልፍባት ብላ ተጣድፋ መስከረም ላይ ከምትልክ፣ ተዘጋጅታ በቀጣዩ ግንቦት ትላክ።

ማሂ፦ ኤምካት ስንት ካመጣሁ ይበቃል?

ኤምካት ማለት እዚያ ሕክምና ለመግባት የሚፈተኑት ፈተና ነው፤ ነጥቡ ከ472 እስከ 528 ነው። ቁርጥ ያለ «ይበቃል» የለም። ሳትዘጋጂ ግን አትቀመጪ፤ የተፈተንሽው ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል።

ቢኒ፦ በዚያ ዓመት ምን ይሠራል?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከታመመ ሰው አጠገብ የሚያቆይህን ሥራ ያዝ። ነርስ ረዳት፣ አምቡላንስ ላይ፣ ወይም እንደኔ ስክራይብ፤ ማለትም ሐኪሙ ሲመረምር የሚያገኘውን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ። እኔ ድንገተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ሌሊት አንዲት የእኛ አገር እናት ደም ግፊታቸው ሰማይ ነክቶ መጡ። በስልክ አስተርጓሚ «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ሲባሉ «እሺ» ይላሉ። ሌላም ሲጠየቁ «እሺ»። የሐኪም ፊት ሆኖ እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው እንደሆነ ገባኝ። ሐኪሙን «ስለ ጾም ጠይቃቸው» አልኩት። ሁዳዴ ነበር። የጠዋቱን ክኒን ከነጭራሹ ትተውታል።

ያን ሌሊት ቤት ገብቼ ደብተር ላይ ጻፍኩት። በቃለ መጠይቅ «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» ስባል የተናገርኩት እሱን ነው። ሥራ ይዛችሁ ሳትጽፉ ከቀራችሁ ከዓመት በኋላ ሁሉም ይጠፋችኋል። በየቀኑ ጻፉ።

አዲሱ፦ እዚሁ ከ12ኛ በቀጥታ ገብቶ መጨረስ እያለ ይሄ ሁሉ መንከራተት ለምን? ጓደኛዬ በ24 ዓመቷ ሐኪም ሆናለች።

ሄለን፦ በ18 ዓመቱ የሚፈልገውን የሚያውቅ ስንቱ ነው? የአጎቴ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ወጣ። እዚህም እኮ በ2004 ዲግሪ ላላቸው የሕክምና ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። በስለው ነው የገቡት።

አዲሱ፦ ብስለት በዕድሜ ነው እንዴ?

ሁለታችሁም እዚያው ተከራከሩ፣ ሌላው ጥያቄ እየተቀበረ ነው።

ሳሚ፦ ሪፈራል ከሚሠራ ሐኪም ጋ ቆሜ ባይ ይቆጠርልኛል?

ይቆጠራል፣ ፈቃድ ካለህ። ግን ቆመህ እይ እንጂ አትንካ። መርፌ መውጋት፣ ቁስል መስፋት ሳይማሩ መሞከር በሽተኛውን ይጎዳል፣ እዚያ ስትጽፈውም ያስጠይቅሃል። ያየኸውንም ጻፍ።

ቃል፦ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ ጋር በቀጥታ ማመልከት እችላለሁ?

በቀጥታ አታስቢው። አብዛኞቹ አሜሪካ ወይም ካናዳ የተወሰደ ኮርስ ይጠይቃሉ። የውጭ ዜጋ የሚቀበሉትም ጥቂት ናቸው።

ናቲ፦ ዓመት ማሳለፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ናቲ፣ ከላይ አንብብ። ምን ልትሠራበት እንደሆነ ሳትነግረኝ እንዴት ልመልስ?

ዮዲት፦ ወንድሜ እዚያ ፓርኪንግ ይሠራል። ለቤተሰብ መላክ አለበት፣ በነጻ ሆስፒታል የሚያገለግልበት ጊዜ የለውም። ያፍርበታል።

አይፈር። ቤተሰብ የሚያኖር ሥራ ማመልከቻው ላይ ይጻፋል፣ ከነሰዓቱ ያስገባው። እኔም ያን ጊዜ ለአያቴ እልክ ነበር። ቢቻል በሳምንት አራት ሰዓት ሆስፒታል ያግኝ፣ በአንድ ወር ተሯሩጦ ከሚጨርሰው ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሄድ ይሻላል።

አቤል፦ የቪዛ ነገርስ?

ቪዛ የእኔ ዘርፍ አይደለም።

የታቦር ልጅ፦ እህቴ ደውላ ነበር፣ ፈተናውን መቼ ልቀመጥ ትላለች።

በሚቀጥለው ግንቦት ልትልክ ከሆነ ጥር ወይም መጋቢት ላይ። ውጤቱ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፣ አይታው ነው የምትልከው። ካልተዘጋጀች ግን ቀኑን ትቀይር። ደብተሩንም ከዛሬ ትጀምር።