መልስ፦ ሌሊቱን በቡናና በጫት አድሮ ፈተና ላይ ባዶ መሆን

የሕክምና ተማሪው ወንድሜ፣ «የአናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች ትምህርት) ፈተና ሲደርስ በቡናና በጫት አድራለሁ፤ ወረቀቱ ሲሰጠኝ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል» ላልከው፦ የጎደለህ እንቅልፍ ነው። ቀን ያነበብከው የሚጸናው ስትተኛ ነው። ከጠጣኸው ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። ጫቱ ይብሳል፦ ምርቃናው የገባህ ያስመስልሃል፣ ሲለቅህ ድብርቱ ልክ በፈተናው ጠዋት ከተፍ ይላል።

ሃንድአውቱን በቀለም ማስመር ተው። 40 ደቂቃ አንብብ፣ ዝጋው፣ ከዚያ ብራኪያል ፕሌክሰስን (ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቮች መረብ) ከሲ5 (5ኛው የአንገት ነርቭ) እስከ ቲ1 (1ኛው የደረት ነርቭ) ካሉት 5 ስሮቹ ጀምረህ ባዶ ወረቀት ላይ ሳለው። የሳትከውን ብቻ ተመልከት፤ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገመው። መጀመሪያ ያናድዳል፤ የማታውቀውን ፊት ለፊት ያሳይሃልና። የቡድን ጥናት ከ4 ሰው ካለፈ ወሬ ነው።

ፈተና ላይ ልብህ ሲደልቅ እስከ 4 እየቆጠርክ በአፍንጫህ ሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አውጣ፤ 2 ደቂቃ ይበቃል።

ድብርቱ 2 ሳምንት ከዘለቀ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል ሂድ። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ፣ ሰው ይዘህ። አስተማሪዎችህ እዚያ መሥራታቸው ካሳፈረህ ሌላ ሆስፒታል ይሁን።