ስሜን ላጠፋው ዜና ዝም ልበል ወይስ ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ባሕር ዳር ውስጥ አሣ ጠብሼ የምሸጥበት ትንሽ ቤት አለኝ። በቅርቡ አንድ የፌስቡክ የዜና ገጽ «የተበላሸ አሣ ሸጣ ሰዎችን አሳመመች» ብሎ ከነፎቶዬ አወጣኝ። በዚያ ሳምንት መብራት ጠፍቶ አሣ ተበላሽቶብኛል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ጣልኩት እንጂ ለማንም አልሸጥኩም። ዘመዶቼ «ጌታም ዝም ብሏል፣ አንቺም ዝም በዪ» ይሉኛል። እኔ ግን አንጀቴ አሮ «ይህን የጻፈውን ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢቀጣልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ ስለሚመስለኝ ቅዳሴ መሄድም ትቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ምግብ ሸጦ ለሚያድር ሰው ደግሞ ስም የዕለት እንጀራም ነው።

ከዝምታው ልጀምር። ጌታችን በጲላጦስ ፊት አንዲት ቃል እንዳልመለሰ እውነት ነው። ስለ እኛ በፈቃዱ ሊሞት መጥቶ ነበርና ከሞት ለማምለጥ አልተሟገተም። ያው ጌታ ግን በሊቀ ካህናቱ ፊት ሎሌው በጥፊ ሲመታው «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል (ዮሐ. 18፥23)። አልተሳደበም፤ ማስረጃ ጠየቀ። ቅዱስ ጳውሎስም ያለ በደሉ ሲከሰስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ዘመዶችሽ ለበጎ አስበው ነው፤ ዝምታን ግን እንደ ሕግ ሊጭኑብሽ አይገባም። አንቺ ዝም ስትዪ ከጣና አሣ አውጥቶ የሚያቀርብልሽ ሰውም፣ አብረውሽ የሚሠሩትም ይጎዳሉ።

የእስክንድርያውን ቅዱስ አትናቴዎስን አስቢ። የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማን የሾመልን እርሱ ነው። ጠላቶቹ «አርሳንዮስ የሚባል ጳጳስ ገድሎ እጁን ቆረጠ» ብለው አስወሩበት። የተቆረጠ እጅ ሳይቀር ይዘው ያሳዩ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ335 በጢሮስ ጉባኤ ሲያቆሙት፣ አርሳንዮስን ከነሕይወቱ አቀረበው። ከዚያ አንዱን እጁን ገለጠ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ሦስተኛ እጅ ካለው አሳዩኝ ማለቱ ነበር። ያም ሆኖ ጉባኤው ፈረደበት፣ ተሰደደም። ይህን የምነግርሽ ማስረጃ ባቀረብሽ ማግስት ሁሉም ያምነኛል ብለሽ እንዳትጠብቂና ተስፋ እንዳትቆርጪ ነው።

አንቺም አርሳንዮስሽን አቅርቢ። አሣውን ስትጥዪ ያየ ሰው አለ? መብራት የጠፋበት ቀን ይታወቃል? የጤና ተቆጣጣሪዎች ቤትሽን አይተው ከነበረ የሰጡሽ ወረቀት የት ነው? ዜናው ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሺው፤ ቀኑ ይታይ።

ከዚያ በማቴዎስ 18 እንደተጻፈው መጀመሪያ ሰውየውን ለብቻው አግኚው። እምቢ ካለ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ላኪበት። ምናልባት ሰውየው የሰማውን ሳያጣራ የለጠፈ፣ ሲነገረው የሚደነግጥ ሰው ሊሆን ይችላል። በሽምግልናም ካልተመለሰ ሕግ አለ። ገጹ በሕግ የተቋቋመ መገናኛ ብዙኃን ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መልስ የማውጣት መብት ይሰጥሻል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስም ያጠፋን ሰው በኃላፊነት ይጠይቃል። መብትን በሕግ መጠየቅ በቀል አይደለም።

ስትመልሺ ግን እውነቱን በሙሉ ተናገሪ። «መብራት ጠፍቶ አሣ ተበላሽቶብኝ ነበር፤ ጣልኩት» በዪ። ያንን ከደበቅሽና ነገ ሌላ ሰው ካወጣው፣ እውነት የሆነውንም የሚያምንሽ አይኖርም። ሌላም አለ። ታመመ የተባለ ሰው ካለ ፈልገሽ ጠይቂው። ምናልባት ሳታውቂ የደረሰ ጉዳት ቢኖር ካሺ። ጌታ «ብፁዓን ናችሁ» ያለው ክፉውን «በውሸት» ለሚነገርባቸው ነው (ማቴ. 5፥11)። ኮሜንት ላይ ከእያንዳንዱ ተሳዳቢ ጋር አትነታረኪ። በሌላ ሰው ስም አካውንት ከፍተሽ ራስሽን ማስመስገንም ሐሰት ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ስለሚያየው ነው የማነሣው። ሌሊት ስምሽን እየፈለግሽ ከማንበብ ደግሞ ስልኩን አጥፍተሽ መዝሙረ ዳዊት ብትደግሚ ይሻልሻል።

ቅዳሴውን አትተዪ። እመቤታችን ንጽሕት ሳለች ተጠርጥራ፣ በካህናቱ ፊት ማየ ዘለፋ፣ የተጠረጠረች ሴት የምትፈተንበትን ውኃ፣ ጠጥታለች። በሰው ዓይን መታየትን ከአንቺ በላይ ታውቀዋለችና ወደ እርሷ ቅረቢ። መቁረብ የምትፈልጊ ከሆነ ቂምሽን ለንስሐ አባትሽ ተናዘዢ። ይቅር ማለት «ዜናው ይታረምልኝ» የሚለውን ጥያቄ መተው አይደለም። ይቅር ብለሽም እርማት መጠየቅ ትችያለሽ።

አሁን ስለ ስእለትሽ። በእኛ አካባቢ «ለጊዮርጊስ ሰጥቼዋለሁ» ማለት የተለመደ ነው። በደልሽን በሰማዕቱ ፊት ማልቀስሽ መልካም ነው። እርሱም በሐሰት የተፈረደበት ነውና ይሰማሻል። «ቅጣልኝ» ማለት ግን ሌላ ነው። ቅዱሳን የሚያማልዱ ናቸው፤ በቀልም የእግዚአብሔር ነው (ሮሜ 12፥19)። «ስለተሳልኩ መፈጸም አለብኝ» ብለሽም አትጨነቂ። ሄሮድስ የማይገባ መሐላ ምሎ፣ መሐላዬን አላፈርስም በማለቱ ዮሐንስ መጥምቅን አስገደለ። ሄደሽ ለንስሐ አባትሽ ስእለትሽን እንዳለ ንገሪያቸው፤ እርሳቸው ይፈቱልሻል። ጃንጥላውን ማስገባት ከወደድሽ ግን እውነቱ ሲወጣ ስለ ምስጋና ብለሽ ተሳዪው። የሰውየውንም ስም ከልጆቹ ጋር በጸሎትሽ አስቢ።