የታይሮይድ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የእህትሽ ኮርቲሶል ይታይ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እህትሽ ከወለደች ሁለት ዓመቷ ነው። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷታል፣ ጡቷ ወተት አልያዘም፣ የወር አበባዋም እስካሁን አልተመለሰም። አሁን ሐኪም «ፒቱታሪ እጢሽ ሳይጎዳ አልቀረም» ብሏት የታይሮይድ መድኃኒት ሊጀመርላት ነው። አንቺ የጠየቅሽው ይህ እጢ ምን እንደሚሠራና ሌላ ልጅ መውለድ ትችል እንደሆነ ነው። እኔ ከዚህ ሕመም ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝንና ከሐኪሞቼ የተማርኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። እኛ ዘንድ «እጢ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ካንሰር ነው። እናቴ «የጭንቅላቷ እጢ» የሚለውን ስትሰማ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፒቱታሪ ግን ሁላችንም ይዘነው የምንወለደው የሰውነት ክፍል ነው። የአተር ፍሬ ያክላል። ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ከአንጎል ሥር፣ ኮርቻ በምትመስል አጥንት ላይ ተቀምጧል።

ሥራው ሌሎቹን እጢዎች ማዘዝ ነው። አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ «ሥራ» ይለዋል። ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል የሚባሉ እጢዎች ኮርቲሶል፣ ማለትም ሰውነት ሕመምን እንዲቋቋም የሚረዳውን ሆርሞን፣ እንዲያመርቱ ያዛል። የወር አበባም በእሱ ትእዛዝ ነው የሚመጣው። የእናት ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርገው ፕሮላክቲንም ከእሱ ይወጣል። ስለዚህ እሱ ሲታመም ሌሎቹ ጤነኛ ሆነው ሳለ የሚያዛቸው አጥተው ይቀመጣሉ።

ከወሊድ ጋር ምን አገናኘው ትይኝ ይሆናል። በእርግዝና ጊዜ ይህ እጢ ያድጋል፣ የሚፈልገውም ደም ይጨምራል። በዚያ ሰዓት ብዙ ደም ፈሶ ግፊት ሲወርድ ደም አይደርሰውም፣ ከፊሉ ይሞታል። ሕመሙ ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ሃሮልድ ሺሃን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 በዝርዝር ስለጻፈበት ነው ስሙ።

የእኔ እንዲህ ነበር። ልጄን ስወልድ ደም አልቆም ብሎ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። ዳንኩ፣ ቤቴ ገባሁ። እናቴ አጥሚቱን፣ ገንፎውን ቅቤ በቅቤ አድርጋ ታቀርባለች። በሦስተኛው ቀን ጡቴ እንደ ባዶ ከረጢት ለስላሳ ነው። ልጄ ይስባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል። ጎረቤት «የአራስ ብርድ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ወር አበባ የለም። የብብቴን ፀጉር ተላጨሁ፣ ተመልሶ አልበቀለም። ይህን ለማንም ለመናገር አፍሬ ነበር፣ ለካ ትልቅ ምልክት ነው። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ለብሼ እቀመጣለሁ። ደረጃ መውጣት እንደ ተራራ ሆነብኝ።

የሄድኩበት ሁሉ «ደም ማነስ ነው»፣ «ግፊትሽ ዝቅ ብሏል»፣ «እረፍት ያንስሻል» እያለ ይመልሰኛል። አራት ዓመት! አንድም ሰው «ስትወልጂ ደም ፈሶሽ ነበር? ጡትሽ ወተት ይዞ ነበር?» ብሎ አልጠየቀኝም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የታይሮይድ ምርመራዬም አሳሳች ነበር። ቲኤስኤች ኖርማል ሆነ። ቲኤስኤች ግን ፒቱታሪ ለታይሮይድ የሚልከው መልእክት ነው። ላኪው ራሱ ከታመመ ቁጥሩ ኖርማል ቢመስልም አይታመንም። መታየት ያለበት ፍሪ ቲ4፣ ማለትም ታይሮይዱ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ነው። የእኔ ሲለካ በጣም ወርዶ ተገኘ።

አሁን የምነግርሽን እባክሽ ልብ በይ። ያኔ የታይሮይድ መድኃኒት ብቻውን ተጀመረልኝ። በሳምንቱ ማስታወክ ጀመርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ልጄን ላነሳ ጎንበስ ስል ወደቅሁ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ስኳሬም ግፊቴም ወርዷል። አንዲት ወጣት ሐኪም ስለ ወሊዴ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወዲያው ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለውን፣ ኮርቲሶልን የሚተካ መድኃኒት በደም ሥር ሰጠችኝ። ማታውን ተነስቼ ሾርባ ጠጣሁ። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ እንድታልቅ ያደርጋል። ስለዚህ ኮርቲሶሏ ዝቅ ያለ ሴት መጀመሪያ እሱ ይተካላታል፣ ታይሮይዱ ከዚያ በኋላ ነው። እህትሽ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን «የጠዋት ኮርቲሶሏ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደሙ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚቀዳው። ከተቻለ የሆርሞን ስፔሻሊስት፣ ኢንዶክሪኖሎጂስት የሚሉትን ፈልጉ። ኤምአርአይም ሊያዝዙላት ይችላሉ።

ዛሬ እንዴት ነው የምኖረው? ስነሳ የታይሮይድ መድኃኒቴን፣ ታይሮክሲኔን፣ በውሃ እወስዳለሁ። ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ አንድ ሰዓት ያልፋል። ቶሎ ቡና ከተጠጣ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም። ከቁርስ በኋላ በኮርቲሶል ምትክ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም። ሰው «ስቴሮይድ ነው፣ ያወፍራል፣ ተዪው» ይላል። እኔ የምወስደው ሰውነቴ ማምረት ያቃተውን ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ትኩሳት ካለኝ ሐኪሜ ባስተማረችኝ መሠረት መጠኑን እጥፍ አደርጋለሁ። ካስታወከኝ ኪኒኑ ስለማይቆይ ለመርፌ ወደ ጤና ተቋም እሮጣለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚገልጽ ወረቀት አለ። አንደኛው ግልባጭ ባለቤቴ ዘንድ ነው።

ጸበል እሄዳለሁ፣ እጾማለሁም። መድኃኒቴን ግን አንድም ቀን አላቋርጥም። የንስሐ አባቴን ጠይቄ «ልጄ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ» ብለውኛል። ኮርቲሶልን የሚተካውን መድኃኒት በድንገት ማቆም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እህትሽ ጸበል መግባት ከፈለገች መድኃኒቱን ይዛ ትሂድ፣ አንቺም አብረሻት ሁኚ።

መውለድን በተመለከተ፣ በሩ አልተዘጋም። ፒቱታሪ የማይልከውን ሆርሞን በመርፌ ሰጥተው እንቁላል እንዲበስል የሚያደርጉበት ሕክምና አለ። ወጪው ቀላል አይደለም። ከእጢው የተረፈው ክፍል በቂ ሆኖ ያለዚያም ያረገዙ አሉ። ግን መጀመሪያ ኮርቲሶሏና ታይሮይዷ መስተካከል አለባቸው። ካረገዘችም ያለፈውን የደም መፍሰስ ለአዋላጆቹ ቀድማ ትንገር፣ ደም በሚገኝበት ሆስፒታል ትውለድ።

የኮርቲሶሉ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፊልኝ። ማስታወክ ወይም ራስ መሳት ካለ ግን ውጤቱን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ውሰጃት።