የቅጂ መጋዝ ዋጋ፦ ለወጣት መካኒኮችና እንጨት ቆራጮች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት በትከሻው የተሸከመውን የማዳበሪያ ጆንያ ከወርክሾፔ ጠረጴዛ ላይ አውርዶ አዲስ የሞተር መጋዝ ከውስጡ አወጣ። ቀለሙም ቅርጹም የጀርመኑን የስቲልን ኤምኤስ 660 የሚመስል፣ በላዩ ላይ የተጻፈው ስም ግን ሰምቼው የማላውቀው ቅጂ ነበር። ልጁ መጋዙን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «ጋሼ፣ ማርሚታውን (የጢስ ማውጫ ሣጥኑን) ብንከፍተው፣ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ብንሞርዳቸው፣ ከኦሪጅናሉ እኩል ይሠራል? ያዋጣኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው በየሳምንቱ የሚመጣ ዓይነት ነው። ያን ዕለት ግን መልስ አጥቼ በማግስቱ እንዲመለስ ነግሬ ሸኘሁት። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይህንኑ ጥያቄ በ2001 ዓ.ም. እዚሁ ሽሮ ሜዳ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ፊት ቆመው የጠየቁኝ ሰው ትዝታ ነው። ደብዳቤውን የምጽፈውም ከሁሉ በፊት ስለ እሳቸው ነው።

ሰውየው ከእንጦጦ ጋራ ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጡ፣ ባሕር ዛፍ በቁሙ ገዝተው እየቆረጡ ለአጣናና ለማገር የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ 15 ዓመት ያህል ስለሚበልጡ «ጋሼ» እላቸው ነበር፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኝ ነበር። ከመርካቶ የገዙት መጋዝ የኤምኤስ 381 ቅጂ ሲሆን፣ ሞተሩ 72 ሲሲ ነበር። ለመግዛት አንድ በሬ እንደ ሸጡ የነገሩኝ ዋጋውን ስንከራከር ሳይሆን፣ እግረ መንገዳቸውን ስለ ቤታቸው ሲያወሩ ነው። የጎረቤታቸው ኦሪጅናል መጋዝ አንድ ግንድ ሲጥል የእሳቸው ገና ግማሹ ላይ እንደሚደርስ ገልጸው፣ «ልታነቃልኝ ትችላለህ?» አሉኝ።

እኔ ያኔ በእጄ የምተማመን፣ ስሜም ከሰፈሩ አልፎ የሚጠራ መካኒክ ነበርሁ። የማርሚታውን ሆድ ቀድጄ መውጫውን አሰፋሁት። ሲሊንደሩን አውርጄ የጢስ መውጫው ቀዳዳ ላይ ብረቱ ቀልጦ ሲቀረጽ የቀረውን ሻካራ ትርፍ በጥቃቅን ሞረድ አለሰለስሁ፤ ቀዳዳውንም ወደ ጎን ጥቂት አሰፋሁ። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ዛሬም አያሳፍረኝም። ያሳፈረኝ የመጨረሻው የካቻቢቴ ዙር ነው።

እንደ መጋዙ ያለ ሁለት ምት ሞተር በትክክል ሲስተካከል፣ ያለ ሥራ ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ድምፁ ጥርት አይልም፤ እንደሚፈላ ነገር ጥቂት ይንተከተካል። ያ መንተክተክ ቤንዚኑ በመጠኑ መብዛቱን የሚያሳይ ጤናማ ምልክት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ እንጨት ውስጥ ሲገባና ጭነት ሲያርፍበት ድምፁ ይጠራል። ደንበኛ ግን መንተክተኩን አይወድም፤ በግቢ ውስጥ እንደ ፉጨት የሚጮኽ መጋዝ ነው የሚያስደስተው። እኔም የከፍተኛ ዙሩን ብሎን፣ ማለትም ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ካርቡራተሩ የሚሰጠውን ቤንዚን የሚመጥነውን፣ መንተክተኩ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቅሁት፤ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ያንሳል። መጋዙ ሲጮኽ የሰፈሩ ልጆች ተሰበሰቡ፤ ሰውየውም እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መረቁኝ። የሙከራውን ግንድ ካሰቡት በላይ በፍጥነት ስለ ቆረጠላቸው፣ የጠየቅሁትን ገንዘብ ያለ ክርክር ከፍለው ሄዱ።

ሽሮ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቅለው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ብሎኑን ብናጠብቀውም ሞተሩ ይታገሣል። ወደ ቆላ በወረድን ቁጥር ግን በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ጥግግት ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብሎኑ ደግሞ እኛ በተውነው ቦታ እንዳለ ነው። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ሳይጨመር ሲቀር፣ ከመጠን በላይ የሚግለው ፒስተን የሚቀዘቅዝበትና የሚቀባበት ያጣል። ይህን ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጠንቅቄ አውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ደንበኛዬን መጋዙን ይዘው የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኋቸውም።

የሄዱት ወደ መካከለኛው አዋሽ ነበር። በአፋር ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ገብቶ የግጦሹንና የእርሻውን መሬት የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ለማጽዳት ሥራ ተኮናትረው፣ መልካ ወረር አካባቢ ሰፍረው ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ነው። መጋዙ አንድ ቀን ተኩል ሠርቶ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጮኾ ጮኾ በመካከል ቀጥ አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጋዙን፣ የተረፈውን ነዳጅ በጀሪካን፣ እንዲሁም አንድ የሕፃን ጡጦ ይዘው ተመለሱ። ጡጦውን የገዙት ዘይቱን በሚሊ ሊትር ለመለካት ነበር። ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት እንዲጨምሩ ነግሬያቸው ነበርና እንዳይጎድል ሠግተው 60 ያደርጉት እንደ ነበር በጣታቸው መስመሩን እያሳዩ አስረዱኝ። ልጆቼ፣ ዘይቱ ሲበዛ በዚያው የካርቡራተር ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። የእሳቸው ጥንቃቄ እንኳን ሳይቀር የእኔን ጥፋት ነበር ያባሰው።

ማርሚታውን ፈትቼ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ አየሁ። ፒስተኑ በጢስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፤ የቀለጠው አሉሚኒየም ቀለበቶቹን በጎድጓዳቸው ውስጥ አጣብቋቸዋል። በመግቢያው በኩል ደግሞ ፒስተኑ ሲመረት የቀሩት ስስ መስመሮች ገና አልጠፉም ነበር። ከጀሪካኑ ጥቂት ነዳጅ በጣቶቼ መካከል አሸሁ። ቤንዚኑ ተንኖ ካለቀ በኋላ ጣቶቼ መካከል የቀረው ወፍራም ዘይት ነበር። ዘይቱ መኖሩን፣ እንዲያውም መትረፉን በዚያች ቅጽበት አውቄያለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ «ጋሼ፣ ዘይቱን አሳንሰውት ነው» አልኋቸው።

አልተከራከሩኝም። ጡጦውን አንድ ጊዜ አየት አደረጉና ወደ ኪሳቸው መለሱት። አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን ገጥሜ የዕቃውን ዋጋ ተቀበልኋቸው፤ የእጄን ግን አልተቀበልሁም። ያኔ ይህን ማድረጌን እንደ ደግነት ቈጥሬው ነበር። የኮንትራቱ ቀን እንዳለፈባቸውና ሥራውን ሌላ ሰው እንደ ወሰደባቸው የሰማሁት ከሹፌራቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ተመልሰው አልመጡም።

ፒስተን ማንበብ ያስተማሩኝ መምህር ቁልፍ ከማስያዛቸው በፊት አንድ ወር ሙሉ የሞቱ ፒስተኖችን በጋዜጣ ላይ ደርድረው «ይህ በምን ሞተ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ሻይ በእጃቸው ይዘው ከወንበር ወንበር ይዘዋወራሉ፤ መልሱን የገመተ ተማሪ ካገኙ ሻዩን አስቀምጠው ፒስተኑን እንደ ገና ያስይዙታል። ካላየሁት ነገር ተነሥቼ እንዳልናገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያየሁትን እንዳልደብቅ ግን ሊያስተምሩኝ ይገባል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። የቅጂ መጋዝ ዋጋው በመርካቶ የከፈላችሁት ብር አይደለም። መጋዙ ያለ ጥገና የሚሠራባቸው ቀናት፣ ሲበላሽ የሚያስቆማችሁ ቀናት፣ መለዋወጫው ስንት ሰዓት ተሂዶ እንደሚገኝ፣ እነዚህ ተደምረው ነው ዋጋው የሚታወቀው። በሳምንት አንድ ቀን በግቢው ማገዶ ለሚቆርጥ ሰው ቅጂው ያዋጣል፤ ይህን ለማለት አላመነታም። ቀኑን ሙሉ፣ ከከተማ ርቆ፣ በኮንትራት ለሚቆርጥ ሰው ግን በብድር ገንዘብም ቢሆን ያገለገለ ኦሪጅናል መግዛት ይሻለዋል። የኦሪጅናሉ ብልጫ በጉልበት ብቻ የሚለካ አይደለም። የኤምኤስ 660 ቅጂም ኦሪጅናሉም የሲሊንደራቸው ስፋት 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፒስተኑም ምት ያው 40 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ያለው በማይታየው፣ ማለትም በኩሽኔታው ብረት፣ በክራንኩ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ አየር በሚከለክሉት ላስቲኮች፣ የፒስተኑን ፒን በሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎችና በነዳጅ ቱቦው ላይ ነው።

ስለዚህ ሞርዳችሁ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ያለውን ጉልበት ዕድሜ ስጡት። አዲስ ቅጂ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሰንሰለቱንና የሰንሰለቱን መሪ ብረት በደኅና ዕቃ እቀይራለሁ፤ ብዙ ጊዜ «መጋዙ ደካማ ነው» የሚባለው ሰንሰለቱ ስለማይቆርጥ ብቻ ነው። ሲሊንደሩን አውርጄ የቀዳዳዎቹን ስለታም ጠርዞች አለዝባለሁ፤ ምክንያቱም ቀለበት የሚይዙና የሚሰብሩ እነሱ ናቸው። በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ የብየዳ ቆርቆሮ ሽቦ አስገብቼ ክራንኩን አዞራለሁ፤ ሽቦው የተጨፈለቀበትን ውፍረት ለክቼ በፒስተኑ አናትና በሲሊንደሩ ጣሪያ መካከል ያለውን ክፍተት አውቃለሁ። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በጣም ከሰፋ ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ አሳስለታለሁ። የመጀመሪያው ታንክ ነዳጅ ካለቀ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደ ገና አጠብቃለሁ፤ የቅጂ ብሎን በንዝረት ይላላል። የሰንሰለቱ ፍሬን ወዲያው የማይዝ መጋዝ ከወርክሾፔ አይወጣም። ስለ መነጽርና ስለ ጓንት አልጽፍም፤ እሱን የማያውቅ ሰው መጋዝ ባይነካ ይሻላል።

ስለ እናንተ ቅር የሚለኝን ደግሞ ላልደብቅ። የዛሬ ወጣት ከስልኩ ላይ የሚያየው ቪዲዮ ብዙ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ቀዝቃዛ ከተማ ያለ ሰው ብሎኑን ስንት ዙር እንደከፈተ አይታችሁ ያንኑ ዙር ሽሮ ሜዳ ላይ ትደግሙታላችሁ። ዙሩን ትቈጥራላችሁ፤ ሞተሩን ግን አትሰሙትም። ድምፅ ትወዳላችሁ። ይህን የምለው ግን ድምፅ ወድጄ የሰው በሬ የበላሁ እኔ ስለሆንሁ፣ ወቀሳዬን በዚያው መጠን ተቀበሉት። ከእኔ የምትበልጡበትም አለ፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ ያልገባኝን ነገር ለሌላ መካኒክ መጠየቅ ውርደት ይመስለኝ ነበር፣ እናንተ ግን ያለ ሐፍረት ትጠይቃላችሁ።

ልጁ እንደ ነገርሁት በማግስቱ ተመለሰ። የቅጂ ሞተር አይነካም ብዬ ልመልሰው አስቤ አድሬ ነበር። ነገር ግን ማርሚታውን ስፈታው መውጫው በእርግጥ በጣም ጠባብ ሆኖ ስላገኘሁት ራሴው ከፈትሁለት። ከዚያ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «የት ነው የምትቆርጥበት?» ልጁም «አሁን እንጦጦ፣ ከመስቀል በኋላ ግን ወደ ሚዛን ተፈሪ እወርዳለሁ» አለኝ። ሚዛን ከእኛ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ብሎኑን ከፍቼ መንተክተኩን መለስሁበት። ድምፁን ሰምቶ ፊቱ ትንሽ ወደቀ፤ ግንድ አስይዤ ሲቆርጥ ግን ድምፁ ጠራ፤ ልዩነቱን በራሱ ጆሮ ሰማው። በእጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፌ «2,500 ሜትር» ብዬ ጻፍሁበት፤ ሚዛን ሲደርስ ጭነት ከመስጠቱ በፊት እንደ ገና ብሎኑን እንዴት እንደሚከፍትና ምን ድምፅ እንደሚጠብቅ ሦስት ጊዜ በእጁ አስደገምሁት።

ሊወጣ ሲል ከመደርደሪያው ላይ ያለውን የተቧጨረ ፒስተን አየና የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት፤ ለሰው ስነግር ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውየው በሕይወት ካሉ፣ ወይም ልጆቻቸው ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ የሲሊንደሩና የፒስተኑ ገንዘብ ከመካከለኛው አዋሹ ኮንትራት ኪሳራ ጋር አብረን የምንነጋገርበት ዕዳዬ ነው። ወርክሾፑ ያለበት ቦታ አልተቀየረም።