ስማርት ሰዓቱ «ጥልቅ እንቅልፍ 20 ደቂቃ» ካለዎት

ጥያቄ፦ «ስማርት ሰዓት አስሬ ነው የምተኛው። በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት ያህል እተኛለሁ። አፑ ግን ጥልቅ እንቅልፌን 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም 10 ብቻ ያሳየኛል። ባለቤቴ የምታስረው የሌላ አምራች ሰዓት ለእሷ ከአንድ ሰዓት በላይ ይላታል። የተበላሸው ሰዓቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ? እንዴትስ ላሳድገው?»

መልስ፦ መጀመሪያ አፑ ላይ የሌሊቱን የልብ ምት ግራፍ ይክፈቱ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። መስመሩ እዚህም እዚያም ከተቆራረጠ ወይም ነጥቦቹ ከተራራቁ ሰዓቱ ሌሊቱን በደንብ አላነበበም። ያን 20 ደቂቃ ይርሱት።

ጥልቅ እንቅልፍ በትክክል የሚለካው በአንጎል ሞገድ ነው፤ ለዚህም በእንቅልፍ ላብራቶሪ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል። የእጅ ሰዓት ይህን ማየት አይችልም። በጀርባው በኩል አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልክና ከሚመለሰው ብርሃን የልብ ምትን ያሰላል። እንቅስቃሴዎንም ይመዘግባል። ልብ ሲረጋጋና ሰውነት ጸጥ ሲል «ጥልቅ ነው» ብሎ ይገምታል። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ስሌት ስላለው ከባለቤትዎ ቁጥር ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርዎትም።

ስለዚህ ንባቡን እናስተካክል። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ ያድርጉት። ሲገላበጡ የማይንሸራተት፣ ግን ቆዳ ላይ ምልክት የማይተው ይሁን። ሴንሰሩን በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ላብና ቅባት ብርሃኑን ይጋርዳሉ። ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ንቅሳት ካለ ወደ ሌላኛው እጅ ያዛውሩት። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሴቲንጉን ነው። የልብ ምት መለኪያው ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ «በየ30 ደቂቃው» ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያለማቋረጥ እንዲለካ ይቀይሩት፤ ባትሪ መቆጠቢያውንም ሌሊት ያጥፉት። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ግን ያለዚያ የእንቅልፍ መረጃው ዋጋ የለውም።

ግራፉ ከጸዳ በኋላ ወደ እርስዎ እንምጣ። የአዋቂ ሰው ጥልቅ እንቅልፍ በጥቅሉ ከ13 እስከ 23 በመቶ ይሆናል፤ ለሰባት ሰዓት እንቅልፍ ከ55 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። አብዛኛው የሚመጣው በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ነው።

ለማሳደግ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። ቀን ላይ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ። መኝታ ክፍሉ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ወደ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጠጋ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከቡና እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ከጠጡ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ካፌይን ሰውነት ውስጥ ስላለ ከሰዓት በኋላ ያለውን ያቁሙት። አልኮልም ቶሎ ቢያስተኛም እንቅልፉን ይቆራርጣል። ሁሉንም ባንዴ አይለውጡ፤ አንዱን ለሁለት ሳምንት ይሞክሩና የሁለቱን ሳምንት አማካይ ከበፊቱ ጋር ያስተያዩ። ሰዓቱ በደንብ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ሌሊት ቁጥር አያስጨንቅዎት። ፍጹም የእንቅልፍ ቁጥር ማሳደድ ራሱ እንቅልፍ እንደሚነሳ ተመራማሪዎች በ2017 ጽፈው «ኦርቶሶምኒያ» ብለውታል። ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ፤ አፑን በኋላ ያያሉ።

ጮክ ብለው የሚያንኮራፉ፣ ተኝተው ትንፋሽ የሚቆራረጥብዎት ወይም ቀን ላይ እንቅልፍ የሚያዳፋዎት ከሆነ ግን ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ሐኪም ጋ ይሂዱ።