ወንዙ ሞልቶ ሳለ፦ ግጥምን በነፃ ስለማንበብና ስለመማር ጥያቄና መልስ

ግጥምን በኢንተርኔት በነፃ ማንበብና መማር የምትፈልጉ ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹ ከጠበቅሁት በላይ በዙ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ የረዘመው ነገሩ ስለሚያስረዝም ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ። የአማርኛ ግጥም ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ የፍቅር መልእክትና የልደት ምኞት ብቻ ነው። ቁም ነገር ያለው የት ይገኛል?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አፈላለግህን እናስተካክል። ሞክሼ ፊደሎቻችን ፍለጋን ያሰናክላሉ። «ሥነ ግጥም» ብለህ ስትፈልግ «ስነ ግጥም» ወይም «ስነግጥም» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጥህ ይችላል። «ጸጋዬ» እና «ፀጋዬ»፣ «ሠርግ» እና «ሰርግ» እንዲሁ። ስለዚህ አንዱን ቃል በሦስት በአራት አጻጻፍ ሞክረው። ከዚያ ደግሞ በላቲን ፊደል ጻፈው፤ ብዙ የአማርኛ ሥራ በላቲን በተጻፈ ርእስ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ለአንተ ዋናው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍና በፎክሎር የተሠሩ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች አሉበት። እንደ ጥናት ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ አንብበው ግን አልልህም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ «የጥናቱ ዓላማ» ምናምን የሚለውን፣ እለፈውና ወደ ትንተናው ሂድ። እዚያ ግጥሙ ይጠቀሳል፣ ይፈታል፣ ይብራራል። አንድ ጎበዝ መምህር አጠገብህ ተቀምጦ እንደሚያስረዳህ ቁጠረው።

በቃል ግጥም ላይ የተሠራ ጥናት ካገኘህ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ገጾች፣ አባሪውን፣ እንዳታልፍ። አጥኚው ገጠር ወርዶ ከአልቃሽ፣ ከአዝማሪ፣ ከፎካሪ የሰበሰበው ግጥም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው። የለቅሶ፣ የሠርግ፣ የአጨዳ፣ የቀረርቶ ግጥም በየትም የመጻሕፍት መደብር የማታገኘው እዚያ ታገኛለህ። እኔ ስለ ግጥም ካነበብሁት ነገር ሁሉ ልቤን የነካው በአባሪ ገጽ ላይ ያገኘሁት የአንዲት እናት ሙሾ ነው።

ቤት ከመታ ግጥም ነው ማለት ነው? ምጣኔ የሚሉትንስ ያለ ክፍያ የት ልማር?

ቤት መምታት አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ምጣኔውን፣ ማለትም የስንኙን ርዝመት በድምፅ ቆጥሮ መለካትን፣ እዚሁ ላሳይህ፣ ለማስረጃ የገጠምኋት ሁለት ስንኝ ናት፦

ወንዙ ሞልቶ ሳለ ውኃ ጥም ገደለኝ፣
መቅጃ ይዤ ቆሜ መውረጃው ጎደለኝ።

አሁን ፊደሉን ተወውና ድምፁን ቁጠር። ወን፣ ዙ፣ ሞል፣ ቶ፣ ሳ፣ ለ፤ ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት የሚቆጠር ድምፅ። ትንሽ ታርፋለህ። ው፣ ኃ፣ ጥም፣ ገ፣ ደ፣ ለኝ፤ ሌላ ስድስት። ይህ 6 እና 6 ሆኖ የሚሄደው የወል ቤት የሚባለው ነው፤ በአማርኛ እጅግ የተለመደው እሱ ነው። ልብ በል፤ «ወንዙ» ሦስት ፊደል ነው፣ ሲቆጠር ግን ሁለት። ሳድሱ «ን» ከፊቱ ካለው ጋር ተዋጠ። «ውኃ» ላይ ያለው «ው» ግን ሳድስ ሆኖም ራሱን ችሎ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ሲነገር አናባቢው ይሰማል። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ ይነበባል፣ አንዳንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ዳኛው ጆሮ ነው። ለዚህ ነው ግጥም በዓይን ብቻ አይነበብም የምለው።

5 እና 5 እየሆነ የሚሄደው ሰንጎ መገን ይባላል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ 8 እና 8 አድርገው ረዥሙን ስንኝ ስለተጠቀሙበት ያ መለኪያ በስማቸው የጸጋዬ ቤት ተብሎ ይጠራል። የገዛኸውን ወይም የተዋስኸውን አንድ የግጥም መጽሐፍ አውጣና 10 ስንኝ በእርሳስ እየቆጠርህ ሞክር። በመጀመሪያው ቀን ትሳሳታለህ፣ በሦስተኛው ቀን ጆሮህ ይከፈታል። ለማብራሪያው ቅድም ያልሁትን የጥናት ማከማቻ «የግጥም ምጣኔ» ብለህ ፈልግበት።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በልጅነቴ ትንሽ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፣ ሳልጨርስ ወጣሁ። አሁን በኮምፒውተር ልቀጥለው እችላለሁ?

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ቅኔ ያለ መምህር አይዘለቅም። ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ተነሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት የሚያደርሰው መንገድ ተማሪው ቆጥሮ፣ ዘርፎ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ተነቅፎ የሚሄድበት ነው። ይህን ኮምፒውተር አይተካውም። እርስዎ ግን መነሻው ስላለዎት የሚጠቅምዎት ነገር ብዙ ነው።

በአሜሪካ ሚኔሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር የተጀመረውን የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ይዟል። ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ወደ 9,000 ገደማ ብራና ተነሥቷል። ብዙው አሁን በኢንተርኔት ይታያል፤ መመዝገብ ይጠይቃል፣ ክፍያ ግን የለውም። መልክዕና ሰላምታ (የቅዱሳን ውዳሴ ግጥሞች)፣ ቅኔም ፈልገው በራሱ በጸሐፊው እጅ እንደተጻፈ ማንበብ ይችላሉ። ብራናውን በስክሪን ላይ አስፍተው ቀዩን ቀለም ሲያዩ ምን እንደሚሰማዎት እገምታለሁ።

ስለ ሰምና ወርቅ የተጻፉ ጥናቶችን ከፈለጉ፣ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ጄስቶር በተባለው የጥናት መጽሔቶች ማከማቻ ገጽ ላይ አለ። ጄስቶር ነፃ መዝገብ ለከፈተ ሰው በየወሩ 100 ጽሑፍ በመስመር ላይ እንዲያነብ ይፈቅዳል። የድሮ አማርኛ ናሙና ማየት ካሰኘዎት ደግሞ ጣሊያናዊው ምሁር ኢግናዚዮ ጒዲ በ1889 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ነገሥታቱ የተወደሱበት የመዝሙር ስብስብ አለ። የ14ኛው መቶ ዘመኑን ንጉሥ ዐምደ ጽዮንን የሚያወድሰው ግጥም አንዳንዱ ቃሉ ዛሬ ለእኛ እንግዳ ነው፤ ምቱን ግን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል።

በቴሌግራም የታወቁ ገጣሚዎች መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይለቀቃሉ። እነሱን ማንበብ ምን ችግር አለው?

ይህ ጥያቄ ከአምስት ሰው መጥቷል፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ጸጋዬ ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በሌላ በኩል በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር በስደት ያረፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጻፉትን፣ እንደዚሁም በ1939 ዓ.ም. ያረፉት ዮፍታሔ ንጉሤ የጻፉትን ማንም ያለ ስጋት ማንበብና ማካፈል ይችላል። ዘመኑ አልፏል።

በሕይወት ያለ ገጣሚ ግን በኛ ሀገር ብዙ ጊዜ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ፣ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ነው የሚሸጠው። ሦስት ዓመት የለፋበትን ሥራ አንድ ሰው በስልክ ካሜራ አንሥቶ ሲለቀው የሚቀጥለው መጽሐፍ ላይታተም ይችላል። ገንዘብ ከሌላችሁ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ መዋዋስ አለ፣ ገጣሚው ራሱ በገጹ የሚለጥፈው አለ። እሱን አንብቡ።

ሪያድ ነው የምሠራው። ማታ 20 ደቂቃ ያህል ስልኬን እይዛለሁ። የእንግሊዝኛ ግጥም ማንበብ እፈልጋለሁ፣ እንግሊዝኛዬ ግን ደካማ ነው፤ ዳታም ውድ ነው።

እህቴ፣ 20 ደቂቃ ለግጥም ብዙ ነው። በአጭሩ ጀምሪ። ሐኪሙ ገጣሚ ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ በ1923 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቀይ ጋሪ ግጥም አለ፤ ጠቅላላው 16 ቃል ነው። ቀይ ጋሪ፣ የዝናብ ውኃ፣ ነጫጭ ዶሮዎች። እያንዳንዱን ቃል ታውቂዋለሽ ወይም በአንድ ደቂቃ ትፈልጊዋለሽ። ከዚያ «ብዙ ነገር በዚህ ጋሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ እያሰብሽ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። ግጥም ለሥራ ሰው የተመቸ የሚሆነው በዚህ ነው፣ በራስ ውስጥ ይዞት መዞር ይቻላል።

ይህንና ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ግጥሞችን በቺካጎው የፖይትሪ ፋውንዴሽን ገጽ ታገኛለሽ። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመው የፖይትሪ መጽሔት እትሞች ሁሉ እዚያ በነፃ ይነበባሉ። የቃላት መፍቻና በድምፅ የተነበቡ ግጥሞችም አሉት። የአሜሪካ ገጣሚዎች አካዳሚ ደግሞ በየቀኑ አንድ ግጥም በኢሜይል ይልካል፤ ኢሜይል ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም።

ትምህርት ከፈለግሽ ፕሮፌሰር ላንግደን ሐመር በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ዘመናዊ ግጥም የሰጧቸው 25 ንግግሮች ተቀርጸው በነፃ ተለቀዋል። ቪዲዮውን አትክፈቺው፤ የንግግሩ ሙሉ ጽሑፍ አብሮ አለ፣ እሱን አውርደሽ አንብቢ። አረብኛውን እየለመድሽው ከሆነም አል-ዲዋን የሚባለው ገጽ የአረብ ገጣሚዎችን በየዘመናቸው ከጃሂሊያ፣ ከእስልምና በፊት ከነበረው ዘመን፣ ጀምሮ ደርድሮ ይዟል። የአሠሪዎችሽ ልጆች በትምህርት ቤት በቃላቸው የሚይዙትን ግጥም እዚያ ልታገኚው ትችያለሽ።

መምህር ያለው፣ ከሰው ጋር የምወያይበት ነፃ ኮርስ አለ?

አለ። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው አል ፊልራይስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮርሴራ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ገጽ የሚያስተምሩት ሞድፖ የተሰኘው የዘመናዊ ግጥም ትምህርት 10 ሳምንት ይፈጃል። ፊልራይስ ብቻቸውን ቆመው አያስተምሩም። ከተማሪዎቻቸው ጋር ጠረጴዛ ከበው አንዱን ግጥም ቃል በቃል ሲያነሡና ሲጥሉ ታያለህ። እንደኛ ጉባኤ ቤት የሚመስል ነገር አለው፤ አንዱ ይላል፣ ሌላው ይነቅፋል፣ ሦስተኛው ያቀናል። ቅድም ያነሣሁት የቀይ ጋሪም ይነበባል።

ልጆቼ ቨርጂኒያ ነው የተወለዱት። አማርኛ ይሰማሉ፣ ማንበብ ግን ይከብዳቸዋል። በምን ላስጀምራቸው?

በድምፅ። ጽሑፉ ይቆይ። የሆያ ሆዬ ጨዋታ ቅጂዎች በዩቱብ ሞልተዋል፤ አንዱን መርጠው ልጆቹ እየተቀበሉ እንዲሉ ያድርጉ፣ እያጨበጨቡ። ግጥሙን በቃላቸው ከያዙት በኋላ በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉላቸው። አፋቸው የሚያውቀውን ዓይናቸው ሲያገኘው ፊደሉ ይገባቸዋል። ጸጋዬ በራሳቸው ድምፅ ያነበቧቸው ግጥሞችም በዩቱብ ይገኛሉ፤ ልጆቹ ቃሉ ባይገባቸው እንኳ የድምፁን ግርማ ይሰሙ።

ለእንግሊዝኛው የብሪታንያው ፖይትሪ አርካይቭ ገጣሚዎች ራሳቸው ያነበቧቸውን ቅጂዎች ይዟል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቴኒሰን በ1890 እ.ኤ.አ. በሰም ሲሊንደር ላይ የቀረጹት ድምፅ እዚያ አለ። የበርሊኑ ሊሪክላይን ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለምን ገጣሚዎች በየቋንቋቸው ያሰማል።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ግጥም ትክክለኛው መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ይህን የጠየቀኝን ሰው አመሰግናለሁ፣ ያመመኝ ቦታ ነውና። ከዓመታት በፊት አንድ ግጥም ከአንድ ገጽ ገልብጬ በሰው ፊት አነበብሁት። ስጨርስ አንድ አዛውንት በእርጋታ ተነሥተው «ልጄ፣ ሁለት ስንኝ ዘለልህ፣ አንዱንም ቃል ለወጥህ» አሉኝ። ቤታቸው ጋብዘውኝ መጽሐፉን አሳዩኝ። የተለወጠችው ቃል ወርቁን የያዘችው ነበረች። እኔ ሰሙን ብቻ ይዤ ነበር የቆምሁት።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው። መጽሐፉ ተጠቅሶ የትኛው ገጽ እንደሆነ ካልተነገረ አላምነውም። ቀለሙን እቆጥራለሁ፤ ሌላው ስንኝ 12 ሆኖ አንዱ 11 ከሆነ አንድ ነገር ወድቋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ለታዋቂ ሰው የተሰጠ ግን በየትኛው መጽሐፉ እንዳለ ማንም የማይናገርለት ግጥም ካጋጠመኝ በስሙ አላካፍለውም። ሆሄውንም እመለከታለሁ። «ሠ» በ«ሰ»፣ «ዐ» በ«አ» ሲለዋወጥ ትርጉም ላይጠፋ ይችላል፤ ኅብረ ቃሉ፣ ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ የሚሸከመው ቃል፣ ግን ሊጠፋ ይችላል።

ግጥም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም እፈልጋለሁ። የምማርበት ቦታ ይኖር ይሆን?

ለንደን ያለው የግጥም ትርጉም ማዕከል፣ ፖይትሪ ትራንስሌሽን ሴንተር፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ገጹም ክፍት ነው። ከጎረቤታችን ከሶማሊኛ የተረጎማቸውን ተመልከቺ፣ እነ ሀድራዊንና ጋሪዬን። በብዙዎቹ ላይ ሦስት ነገር ታገኛለሽ፦ ዋናውን ግጥም፣ ቃል በቃል የተተረጎመውን፣ ከዚያም ገጣሚ ያቃናውን። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ምን እንደተጣለና ምን እንደተጨመረ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ሶማሊኛ ግጥም በቃላት መነሻ ፊደል ድግግሞሽ ነው የሚታሰረው፤ ተርጓሚዎቹ ያን በእንግሊዝኛ ለማቆየት ሲታገሉ ታያለሽ። የእኛ ቤት መምታት ሲተረጎም ምን ይሁን ለሚለው ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላገኘሁም።

የአማርኛ ግጥም በእንግሊዝኛ ምን እንደሚመስል ለማየት ክሪስ ቤኬትና ዓለሙ ተበጀ በ2020 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ስብስብ አለ፤ እሱ ግን የሚሸጥ ነው። ከመግዛትሽ በፊት አምስት የምትወጂያቸውን ስንኞች ራስሽ ተርጉሚና አስቀምጪ። ከዚያ መጽሐፉ ውስጥ ካሉ አወዳድሪያቸው።