መልስ፦ የተቆራረጠን የሠርግ ቪዲዮ ጥራቱን ሳያጣ ስለ ማገጣጠም

ጤና ይስጥልኝ። ካሜራው የእህትዎን ሠርግ በአምስት ፋይል ከፋፍሎ እንዳስቀመጠብዎና ጥራቱ ሳይቀንስ እንዴት አንድ ማድረግ እንደሚቻል ጠይቀዋል። መቆራረጡ የካሜራው ብልሽት አይደለም፤ ፋት32 (FAT32) በተባለው የፋይል አቀማመጥ ዘዴ ፎርማት የተደረገ ሚሞሪ ካርድ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል መያዝ ስለማይችል፣ ካሜራው ወሰኑ ላይ ሲደርስ ሌላ ፋይል ይከፍታል።

ክሊፖቹ በአንድ ካሜራና በአንድ ዓይነት ቅንብር የተቀረጹ በመሆናቸው፣ ምስሉን እንደገና ማመቅ ሳያስፈልግ እንዳሉ መቀጣጠል ይችላሉ። ለዚህ ሥራ በነፃ የሚገኘውን አቪዴሙክስ (Avidemux) የተባለ የቪዲዮ ማስተካከያ ፕሮግራም እመርጣለሁ። የመጀመሪያውን ክሊፕ ከከፈቱ በኋላ የቀሩትን «ፋይል» ከሚለው ማውጫ ውስጥ «አፔንድ» በሚለው ትእዛዝ በየተራ ያስገቡ፤ በግራ በኩል ያሉት የቪዲዮና የድምፅ ምርጫዎች ሁለቱም «ኮፒ» ላይ መሆናቸውን፣ የውጤቱ ዓይነትም ኤምፒ4 መሆኑን አረጋግጠው ሴቭ ያድርጉ። በስልክ የተቀረጸ ክሊፕ መሀል ላይ ካስገቡ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

ቅደም ተከተሉን ይጠንቀቁ፤ ጎፕሮን የመሰሉ ካሜራዎች በፋይሉ ስም ውስጥ የክፍሉን ቁጥር ከቀረጻው ቁጥር ስለሚያስቀድሙ፣ የ010034 ተከታይ 020034 እንጂ 010035 አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በስም ብቻ ደርድሬ፣ ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ ኬኩ ተቆርጦ ተገኝቷል።

የተገጣጠመውን ፋይል የሚያስቀምጡበት ፍላሽም ፋት32 ከሆነ ያው ገደብ ስለሚመለስብዎ፣ በውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጠው ይህ የ4 ጊጋባይት ገደብ በሌለበት በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት ያድርጉት።